«ችግሩ አፈጻጸም ላይ ነው» ከማለት በፊት

ስለ አካባቢ ጥበቃ ሕጎቻችን የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችን ሳነብ የብዙዎቹን መደምደሚያ ገና ሳልደርስበት አውቀዋለሁ፦ ሕጉ ጥሩ ነው፣ ችግሩ አፈጻጸም ላይ ነው። ተማሪዎቼን ይህን ዓረፍተ ነገር አትጻፉ ብዬ አልከለክላቸውም። የምለምናቸው ከመጨረሻው ገጽ አውጥተው በመጀመሪያው ገጽ እንዲያሰፍሩት ነው። ያላስፈጸመው ማን ነው? ምን ጎድሎት? ወይስ ሕጉ ሲረቀቅ ጀምሮ ሊያስፈጽሙት በማይቻል መንገድ ነው የተረቀቀው? የእኛ ሙያ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መፈለግ ነው፤ መልሱም ከጥያቄ ጥያቄ ይለያያል።

ፌስታልን እንውሰድ። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ነጋሪት ጋዜጣው ላይ ሲነበብ፣ ቁጥር ስላለበት፣ ጥብቅ ይመስላል። አዋጁን ይዘን መርካቶ ስንገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የ0.03 እና የ0.04 ሚሊ ሜትር ልዩነት በጣት ተዳስሶ አይታወቅም፣ በዓይንም አይለይም። መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ መሣሪያውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ለክቶ ሲጨርስ በማን ላይ እርምጃ እንደሚወስድ ማወቅ አለበት። ክልከላው ያረፈው ፈቃድ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ፌስታሉ ያለው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ ፌስታሉን ራሱን ነው የከለከለችው። እዚያ ተቆጣጣሪው የሚጠበቅበት ፌስታል መሆኑን ማየት ብቻ ነው። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የእኛን «አልተፈጸመም» ብሎ አያልፈውም። አንዱ ሕግ አስፈጻሚው በዓይኑ ሊያየው በሚችለው ነገር ላይ ቆሟል፣ ሌላው አልቆመም። ይህ የአርቃቂው ውሳኔ ነው፣ ምርምሩም ወደ አርቃቂው ጠረጴዛ መመለስ አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይከብዳል። በ1995 ሦስት አዋጆች ተከታትለው ወጡ፦ የአካባቢ ጥበቃ ተቋማትን የሚያቋቁመው 295፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው 299 እና የብክለት ቁጥጥሩ 300። የመጀመሪያው መግቢያ በግልጽ እንደሚያስቀምጠው፣ የማልማቱ ሥራና የመቆጣጠሩ ሥራ ለየብቻ መሰጠት ያለባቸው የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ነው። ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርቶችን መርምሮ የማጽደቁ ሥልጣን በውክልና ወደ ዘርፍ መሥሪያ ቤቶች ሄደ፤ ማዕድን፣ ውሃና ግብርና ከእነርሱ መካከል ናቸው። ባለሀብት እንዲመጣ የሚሠራው ቢሮ የባለሀብቱን ሪፖርት መርማሪም ሆነ ማለት ነው። ውክልናው አዋጁን አልሻረም፣ መግቢያው ዛሬም ይነበባል። አዋጆችን ብቻ የሚያነብ ተመራማሪ ይህን ለውጥ ጨርሶ ላያየው ይችላል። የአገራችንን የአካባቢ ቁጥጥር ከለወጡት ውሳኔዎች መካከል ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ውክልና ነው። «የአቅም ማነስ» የሚለው ማብራሪያም እዚህ ላይ አያሳምነኝም። አንድ ሰው ደብዳቤ ፈርሞ ያስተላለፈውን ሥልጣን እንደ ድክመት መቁጠር ውሳኔውን መሸፈን ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራችን ማህደር ማንበብ ነው። የተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርት እጄ ሲገባ ከኋላ፣ ከአባሪዎቹ እጀምራለሁ። ፊት ያሉት ምዕራፎች ስለ አገሪቱ ፖሊሲና ስለ ወረዳው የአየር ጠባይ የሚያወሩ ናቸው፤ ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው ሲገለበጡ አይቻለሁ። አባሪው ውስጥ ግን የውሃ ናሙናው የተወሰደበት ቀን አለ። ናሙናው በነሐሴ ተወስዶ ከሆነ ወንዙ ሞልቶ ብክለቱን አቅጥኖታል፤ የየካቲቱ ውሃ ሌላ ታሪክ ይነግረን ነበር። የማኅበረሰብ ውይይቱ ቃለ ጉባኤም እዚያው ነው። ስም ዝርዝሩ ላይ ሴቶች ስንት ናቸው? ፊርማዎቹ በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስላሉ? አንድ ገበሬ «ከብቶቻችን የት ይጠጣሉ?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ «ይታሰብበታል» ነው ወይስ ቦታውና ርቀቱ ተጽፏል? ከዚያ የጸደቀበትን ቀን ግንባታው ከተጀመረበት ቀን ጋር አስተያያለሁ። ግንባታው ቀድሞ ከተገኘ፣ ሪፖርቱ ውሳኔውን ለማገዝ አልተጻፈም።

ማህደሩን ማግኘት ራሱ ሌላ ሥራ ነው። የፌዴራሉ ተቋም በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2008 ስሙ ተለወጠ፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ደግሞ እንደገና ባለሥልጣን ሆነ። መሥሪያ ቤት በተለወጠ ቁጥር ካርቶን ይጫናል፣ መዝገብ ቤት ይዛወራል፣ የፋይል ቁጥሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። የ299 አዋጅ የግምገማ ሪፖርቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ያዛል፤ የ2000ው የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590 ደግሞ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ይላል። ተማሪዎቼ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አስገብተው፣ ገቢ የሆነበትን ማኅተምና ቀን ቀሪው ላይ አስመትተው እንዲወስዱ እመክራለሁ። መልስ ቢያጡ እንኳ ያ ወረቀት ራሱ ማስረጃ ነው።

ስለ ቃለ መጠይቅም አንድ ነገር። ባለሙያን «ሕጉ ይፈጸማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የስብሰባ መልስ ያስገኛል። «ባለፈው ሳምንት የት የት ሄዱ? በማን መኪና? አበሉን ማን ከፈለ? ናሙናውን የትኛው ላቦራቶሪ መረመረው?» ሲባሉ ግን ሰዎች ያወራሉ፤ ብዙዎቹም ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፣ የሚሠሩትን ሥራ በዝርዝር የጠየቃቸው ሰው የለምና። ተቆጣጣሪው ወደ ፋብሪካው የሚሄደው ፋብሪካው በላከው መኪና ከሆነ ጉብኝቱ ድንገተኛ ሊሆን አይችልም። ይህ ሰውየውን ማማት አይደለም፤ የነዳጅ በጀት ጉዳይ ነው፣ በጀት ደግሞ ሰነድ አለው።

በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ከውፍረት ልኬት ወጥቶ ወደ ዕቃው ራሱ መምጣቱ ትልቅ ለውጥ ነው። ለተመራማሪ ግን ጊዜ አይሰጥም። ባለሱቆች ፌስታልን በምን እየተኩት ነው? ምትክ የሆነውን ከረጢት ዋጋ ገዢው ነው የሚከፍለው ወይስ ሻጩ? የደንብ ማስከበር ሠራተኞች የመጀመሪያ ቅጣታቸውን የጻፉት በጉልት ነጋዴዋ ላይ ነው ወይስ በአምራቹ ላይ? የቅጣት ደረሰኙ በየወረዳው አለ፣ ነገር ግን ለዘላለም አይቀመጥም። ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ የማመለክተው ይህን ነው፤ ደብተር ይዞ፣ ሁለት ወረዳ መርጦ፣ በዚህ ወር መጀመር ይችላል።