ጥፍር የሚያውቀው ሙያ

አክስቴ ወደ ጓሮ ስትወጣ ቢላም መቀስም አትይዝም። የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ከሌሎቹ ረዘም ብሎ የተተወው ለዚሁ ሥራ ነው። የበሶብላውን ዘንግ በሁለት ጣት ትይዝና ጥንዶቹ ቅጠሎች ከበቀሉበት አንጓ ትንሽ ከፍ ብላ ጥፍሯን አሳርፋ ቀንጠስ ታደርገዋለች። ከዚያ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ። ድሮ ሽታው ደስ ስለሚላት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ምርመራ ላይ ናት።

ጓሮ ይባል እንጂ ጉለሌ ውስጥ ካለ አሮጌ ጭቃ ቤት ጀርባ፣ በኩሽናው ግድግዳና በአጥሩ ቆርቆሮ መካከል የቀረች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ ቁራጭ መሬት ናት። አጥሩ ሥር ኮሰረት አለ። ጥግ ላይ ዳማከሴ፣ የልብስ ማጠቢያው ውሃ በሚወርድበት በኩል ጠጅ ሳር፣ ፀሐይ በሚያገኘው መሃል በሶብላ። ጤና አዳሙ ግን ለብቻው ነው፤ ቂጡ በምስማር በተበሳሳ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ከግድግዳው ተጠግቶ ተቀምጧል። "እግሩ ሲርስ አይወድም" ትላለች። እኔ ይህን ሳልሰማ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሁለት ጤና አዳም በፍቅር ብዛት ገድያለሁ። ጠዋት ማታ አጠጣኋቸው፣ ሥራቸው በሰበሰ።

ጤና አዳምን ቀረብ ብሎ ላየው ብዙ ነገር አለው። አንዲት ቅጠል ቀንጥሳችሁ ወደ ብርሃን ያዟት፤ በመርፌ የተወጋጋች ይመስል ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሽታው የተቋጠረው እዚያ ውስጥ ነው። ቢጫ አበባዋ ባለ አራት ቅጠል ናት፣ ከዘለላው መሃል ያለችው አንዷ ግን አምስት አላት። አክስቴ ቅጠሉን ለቡና፣ አረንጓዴውን ፍሬ ለበርበሬ ትለያለች። ሲኒ ውስጥ የምትጨምረው ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቅንጣቢ ነው፤ ሁለት ጊዜ ፉት እንዳልን ታወጣዋለች። ከቆየ ቡናውን ትቶ ራሱን ብቻ ማውራት ይጀምራል። ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለች ደግሞ ለእሷ ያለ ጤና አዳም ነው የሚቀዳው፣ ማንም ሳያስታውሳት።

የበሶብላው ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሐምሌ ላይ ችግኙ ገና ስንዝር ሲሆን ጫፉን ትቀነጥሰዋለች። ሳየው ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። ግን ጫፉ የተቀነጠሰ ዘንግ ከጎኑ ሁለት ያወጣል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፤ መስከረም ሲጠባ አንዱ ችግኝ ቁጥቋጦ ሆኖ አበባውን ይደረድራል። የሚለቀመውም ያ የአበባ ዘለላ ነው። ሰዓቱን የምታውቀው እንዲህ ነው፦ የታችኞቹ አበቦች መርገፍ ሲጀምሩ፣ የላይኞቹ ገና እንቡጥ ሳሉ፣ ጤዛው ደርቆ ፀሐዩ ሳይበረታ። ከዚያ ሰፌድ ላይ በትና ጥላ ውስጥ፣ በየቀኑ እያገላበጠች ታደርቀዋለች። አንድ ዓመት እኔ ላፋጥነው ብዬ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። በግማሽ ቀን ደረቀ፤ የሚሸተው ግን ገለባ ገለባ ነበር። ፀሐዩ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ሽታውን የያዘውን ዘይትም ይዞት ሄዷል። አክስቴ አላሾፈችብኝም። የራሷን አንድ ዘለላ መዳፌ ላይ ፈርፈር አድርጋ አስሸተተችኝና ዝም አለች።

የዚህ ሁሉ ልፋት መድረሻ ግን ቅቤ የሚነጠርበት ቀን ነው። ድስቱ ከመጣዱ በፊት "ሬዲዮውን ዝጊው" ትላለች፣ ቅቤ የሚነጠረው በጆሮ ነዋ። መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ነጭ አረፋ ይደፍቃል፤ አረፋውን በማንኪያ እየገፈፈች ነጭ ሽንኩርቱን፣ አብሹን፣ እርዱንና ኮረሪማውን ትጨምራለች። ውሃው እያለቀ ሲሄድ ጉርምርምታው ወደ መንጣጣት ይለወጣል፣ መንጣጣቱም ይሳሳል። ጸጥ ሲልና ድስቱ ወለል ላይ የተኛው የኮረሪማ ፍሬ በቅቤው ውስጥ አልፎ ሲታይ ታወርደዋለች። ኮሰረቱ የሚገባው ገና አሁን ነው። ሻካራውን ደረቅ ቅጠል በሁለት መዳፏ አሽታ፣ እንጨት እንጨቱን ለቅማ ጥላ፣ ከበሶብላው ጋር ትበትነዋለች። አንድ ጊዜ ሽው ይላል። ከእሳቱ ጋር ቢገባ ኖሮ ያር ነበር፤ አሁን ግን በራሱ በቅቤው ሙቀት ቀስ ብሎ ሽታውን ይለቃል። ከዚያ ክዳን፣ ዝምታ፣ በመጨረሻም በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል።

የኮሰረት የሳይንስ ስም ውስጥ አድዋ አለች፤ ሊፒያ አዶኤንሲስ ይሉታል። አክስቴ ሻይ ውስጥ የምትነክረው የደጋው ጦስኝ ደግሞ በቪልሄልም ሺምፐር ስም ይጠራል። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 አገራችን ገብቶ በ1878 አድዋ ውስጥ የሞተ ጀርመናዊ ዕፅ ሰብሳቢ ነበር። እሱ ቅጠሎችን በወረቀት መካከል እየተጫነ ያደርቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቅጠል መልኩ ለዘመናት ይቆያል። አክስቴ ለመልኩ ግድ የላትም። ቅጠሉ ይፍረክረክ፣ ይታሽ፣ ይጣል፤ እሷ የምታቆየው ሽታውን ነው።

ስንት ማንኪያ፣ ስንት ደቂቃ ብዬ ስጠይቃት መልሷ "እስኪበቃው" ነው። ሙያ በልብ ነው ሲባል ሰምቼ የመደበቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ የእሷ ሙያ ትልቁ ክፍል እጅን መሰብሰብ ነው። ጤና አዳሙን ከሲኒው በጊዜ ታወጣለች፤ ኮሰረቱን እሳቱ እስኪወርድ ታቆየዋለች። ዳማከሴውም እንዲሁ ነው። ምች መታኝ ላለ ሁሉ ለጋውን ቅጠል በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ቡና ላይ ታንጠባጥባለች፤ ትኩሳቱ ሁለት ቀን ካለፈ ግን ቅጠሉን ትታ ነጠላዋን ትለብስና በሽተኛውን ራሷ ሐኪም ቤት ታደርሰዋለች።

ባለፈው መስከረም በሶብላውን እኔ እንድለቅም ፈቀደችልኝ። ጥፍሬን እንደሷ አሳርፌ አንድ ዘለላ ቀነጠስኩና ኩራት በተቀላቀለበት እጅ አቀበልኳት። ዘለላውን አላየችውም። እጄን ያዘችና አውራ ጣቴን አሸተተች፤ ትንሽ ቆየች፣ ደግማ አሸተተች።

"ገና ነው" አለችኝ። "ሐሙስ ተመለሺ።"