«ቢን» ከቡና መጣ? ቆይ፣ መጀመሪያ እንፈትሸው

ከሚሴ ላይ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም ቡናን የሚጠራው በአንድ ስም ነው፦ ቡና። በዚህ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአፋን ኦሮሞ ከተማራችሁ ደግሞ ቃሉን በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ጽፋችሁታል። ከዚያ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ኮፊ ቢን» ይመጣል፤ የቡና ፍሬ ማለት ነው። «ቢን» እና «ቡና» በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፣ የ«ነ»ንም ድምፅ ይጋራሉ። ያኔ «እንዴ! ከእኛ ነዋ የወሰዱት!» ማለት ያምራል።

ይህ አባባል «ኮፊ የመጣው ከከፋ ነው» ከሚለው ታላቅ ወንድሙ ጋር ከሰው ሰው ይዞራል። ደስ ይላል፣ አልክድም። ችግሩ ሁለቱም የቆሙት በድምፅ መመሳሰል ላይ ብቻ መሆኑ ነው። መኪና ስለቆመ ብቻ ፍሬን ተያዘ አይባልም፤ ነዳጅ አልቆበትም ሊሆን ይችላል። በአውስትራሊያ ምባባራም በሚባል የነባር ሕዝቦች ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ነው የሚባለው። ከእንግሊዝኛው «ዶግ» ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም፤ አጋጣሚ ነው።

ስለዚህ ጊዜውን እንጠይቅ። «ቢን» ባቄላና መሰሎቹ የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ከ1000 ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛም ነበረ። ጀርመንኛ «ቦነ»፣ ደችኛ «ቦን» የሚሉት ወንድሞቹ ናቸው። ቡና ግን እንግሊዞች ዘንድ የታወቀው በ1600 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሲሆን፣ የለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው በ1652 ነው። ፍሬው ባቄላ ስለመሰላቸው የነበራቸውን ቃል ሰጡት፤ አለቀ።

ቀጥሎ መንገዱን እንጠይቅ። «ኮፊ» ከዐረብኛ «ቀህዋ» ተነስቶ፣ በቱርክኛ «ካህቬ» አልፎ፣ በደችኛና በጣሊያንኛ በኩል ነው እንግሊዝኛ የገባው። «ቀህዋ» ደግሞ በድሮ ዐረብኛ የወይን ጠጅም መጠሪያ ነበር። ለመሆኑ ከፋዎች ራሳቸው ቡናን ምን ይሉታል? «ቡኖ»! ስሙ ከእነሱ ቢወሰድ ኖሮ የሚጠበቀው «ኮፊ» ሳይሆን ቡናን የሚመስል ነገር ነበር።

የሚያስቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ዐረብኛ የቡናውን ፍሬ «ቡን» ይለዋል። የእኛ ቡና ዘመድ ያለው እዚያ ነው፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዛሬም ሕያው ነው። እኛ ግን ለንደን ላይ የሌለ ዘመድ ስንፈልግ ደጃችን ያለውን አለፍነው። የአረቢካ ቡና መነሻ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑን የሚያስረዳውም ተክሉ ራሱ ነው፤ የተሳሳተ የቃል ማስረጃ አያስፈልገውም። እንዲያውም ይጎዳዋል፤ አንዱ ውሸት ሲጋለጥ ሰሚው እውነቱንም ይጠራጠራል።

ፈተናውን የሚያልፍ የእኛ ቃል ከፈለጋችሁ ጤፍ አለላችሁ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ጤፍ ጽፏል። ዛሬ እንግሊዝኛው «ቴፍ» ይላል፤ ሳይንሳዊ ስሙም «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» ነው። የሄደው እህል ይታወቃል፣ መንገዱም ይታወቃል።

በሌላ አቅጣጫ የመጣ ለማየት ደግሞ ከሚሴን አቋርጦ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ካለ ጋራዥ ጎራ በሉ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፦ ሦስቱም ጣሊያንኛ ናቸው፤ ከመኪናውና ከመካኒኩ ጋር ነው የመጡት።

እና ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው «ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ከእኛ ነው የተወሰደው» ሲላችሁ ቶሎ አታጨብጭቡ፤ ቶሎም አትሳቁበት። «መቼ? በማን በኩል?» በሉት። መልስ ካለው፣ ያኔ አብራችሁ ኩሩ።