«ማጋለጥ» ወይስ «መክፈት»? የከርነል ሞዱልና የፕሮግራሞች ግንኙነት ስያሜ ሲመረመር

ስለ ሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የተጻፉ የሙያ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን ከሚፈትኑት አገላለጾች አንዱ፣ በከርነል ላይ የተጨመረ ሞዱል ከተራ ፕሮግራሞች ጋር የሚገናኝበትን ዘዴ የሚመለከተው ነው። ቃል በቃል ሲተረጐም «ሞዱሉ በይነገጹን ለተጠቃሚ ቦታ ያጋልጣል» ይሆናል። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ በፍቺ ረገድ ግን ሦስቱም ዋና ዋና ቃላቱ አንባቢን ያሳስታሉ።

ስያሜን ከመተቸት በፊት ጽንሰ ሐሳቡን ማጥራት ይገባል። ከርነል የሥርዓተ ክወናው እምብርት ሲሆን በአንጎለ ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው፤ ተራ ፕሮግራሞች ግን ሥልጣናቸው የተወሰነ፣ ማኅደረ ትውስታቸውም የተለየ ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ሙቀት የሚለካ መሣሪያን የሚያሠራ ሞዱል ቢጽፍ፣ እርሱው መንገድ ካላበጀ በስተቀር ማንኛውም ፕሮግራም ልኬቱን ማንበብ አይችልም። መንገዱ ልዩ ልዩ ነው። «ዴቭ» በተባለው ማውጫ ሥር እንደ ማንኛውም ፋይል የሚከፈትና የሚነበብ የመሣሪያ ፋይል አለ፤ በዚሁ ፋይል በኩል በቁጥር የተለዩ ትእዛዞችን የሚያሳልፈው «አይኦክትል» አለ፤ አንድ ፋይል በደንቡ አንድ ዋጋ ብቻ የሚይዝበት «ሲስኤፍኤስ»ም አለ።

እንግዲህ «ማጋለጥ»ን እንመልከት። «ገለጠ» ከሚለው ግሥ ይውጣ እንጂ «አጋለጠ» በአማርኛ የጉዳት ቃል ነው፤ ሌባ ይጋለጣል፣ ሕፃን ለብርድ ይጋለጣል፣ ምስጢር ይጋለጣል። የሞዱሉ ጸሐፊ ግን የሚፈጽመው ተቃራኒውን ነው። የሚያሳልፈውን መርጦ፣ ማን እንደሚያነብና ማን እንደሚጽፍ በፋይሉ ፈቃድ ወስኖ፣ ከፕሮግራሙ የመጣለትንም መረጃ መርምሮ ይቀበላል። «መግለጥ» ይሁን የሚል ቢኖርም፣ የተገለጠ ነገር ለዓይን ይታያል እንጂ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ አይሰጥም። ለዚህ «መክፈት» ይሻላል።

«ተጠቃሚ ቦታ»ም ሰውንና መቀመጫን ያሳስባል። ሆኖም የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ የሚያስነሣቸው ፕሮግራሞች ጭምር የሚሠሩት በዚሁ ወገን ነው፤ ልዩነቱ በፕሮግራምና በከርነል መካከል እንጂ በሰዎች መካከል አይደለም። «የፕሮግራሞች ክልል» ቢባል፣ «ክልል» ዛሬ በአስተዳደር ፍቺው ቢታወቅም፣ «ከለለ» ከሚለው ግሥ የወረሰው የመጋረድ ትርጉም ለጽንሰ ሐሳቡ ይስማማል።

«በይነገጽ» በስክሪን ላይ ለሚታየው ገጽ ተስማምቶት ይሆናል፤ ሞዱሉ ግን ገጽ የለውም። ከዚህም በላይ ቃሉ ግዴታን አያመለክትም። በሊኑክስ ልማድ በከርነሉ ውስጥ ሞዱሎች የሚጠራሩባቸው ዘዴዎች በየጊዜው ሊለወጡ ይችላሉ፤ ለፕሮግራሞች የተከፈተውን ግን ነባር ፕሮግራም በሚያሰናክል አኳኋን መለወጥ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 3.7 እትም ለፕሮግራሞች የሚሆኑት የራስጌ ፋይሎች ከውስጦቹ ተለይተው መቀመጣቸው ይህንኑ ድንበር ግልጽ አድርጎታል። በመሆኑም «መገናኛ» የሚለውን ስያሜ መርጠን፣ በመዝገበ ቃላት ፍቺው ላይ «ጸንቶ የሚቆይ ውል» መሆኑን ብናክል ጽንሰ ሐሳቡ ይሟላል።

እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩ «ሞዱሉ ለፕሮግራሞች ክልል መገናኛ ይከፍታል» ሊባል ይችላል። ጉዳዩ የቃላት ማሳመር ብቻ አይደለም። ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት የሚጻፉ ማስጠንቀቂያዎች «ይህ ስሕተት የከርነሉን ማኅደረ ትውስታ ያጋልጣል» ማለታቸው ተገቢ ነው። የሥራ መመሪያውም በዚያው ግሥ ከተጻፈ፣ በአማርኛ የሚማር ተማሪ እንዲሠራ የታዘዘውን እንዲጠነቀቅ ከተነገረው በምን ይለየዋል? «ማጋለጥ» ለጉዳት ብቻ ተጠብቆ ይቆይ ዘንድ ለተርጓሚዎች እናሳስባለን።