«የነቃ ከሰል» እና «መምጠጥ»፦ የስያሜ ትችት

የፋብሪካ ፍሳሽን አጣርቶ መልሶ ስለ መጠቀም ለሚጽፍ ተርጓሚ ቀድመው የሚመጡለት ሁለት ስያሜዎች አሉ፤ «የነቃ ከሰል» እና «መምጠጥ»።

የመጀመሪያው በመርካቶ መለኪያ ሲመዘን ቀላል ይመስላል፤ በዚያ ገበያ ከሰል የሚነድ ነገር ነው፣ «ነቃ»ም ከእንቅልፍ መነሣትን ያስታውሳል። ሆኖም ግሡ «ተሰነጠቀ» የሚል ፍችም አለው፤ «ንቃቃት»ን ልብ ይሏል። ከሰሉ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት በእንፋሎት ሲታከም ረቂቅ ቀዳዳዎች ይከፈቱበታል፤ የ1 ግራም ገጽ ከ500 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። እንግዲያስ ስያሜው የነገሩን ጠባይ ይዟልና ይጽና እንላለን።

«መምጠጥ» ግን ያሳስታል። የጨርቅ ማቅለሚያው በቀዳዳዎቹ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ ውሃ ወደ ስፖንጅ እንደሚሰርግ ወደ ከሰሉ አካል አይሰርግም። «ይመጥጣል» የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ ከሰሉን እንደ ስፖንጅ ጨምቆ የሚመልሰው ሊመስለው ይችላል። ገጹ ከሞላ በኋላ ግን ከሰሉ በሙቀት ካልታደሰ ወይም ካልተለወጠ፣ ቀለሙ ተጣራ ከተባለው ውሃ ጋር ያልፋል።

ስለዚህ «መምጠጥ» ለስፖንጁ ይቅርና፣ ለከሰሉ «በገጽ መያዝ» ይባል ዘንድ እናሳስባለን። ስያሜው ቢረዝምም፣ ገጽ የሚሞላ መሆኑን ለአንባቢው ይነግረዋል።