ምጸትና ሰሚው፦ ከቤት ወግ እስከ ልብ ወለድ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሂስ ምጸት የሚገባውን ያህል አልተጠናም ብዬ አምናለሁ። በትምህርት ቤት ከዘይቤዎች ተርታ ይሰለፋል፤ የሚባለውና የሚታሰበው የሚቃረኑበት አነጋገር ነው ተብሎ ይበየናል፤ አንድ ሁለት ምሳሌ ይከተልና ወደ ግነት ወይም ወደ ሰውኛ ይታለፋል። ሂሳችንም የተሸፈነ አነጋገር ባጋጠመው ቁጥር የሚሮጠው ወደ ሰምና ወርቅ ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው ጥናት ርእሱን ከዚሁ የቅኔ ስልት ወስዶ የአማራን ባህል ለማብራራት ተጠቅሞበታል። ከዚያ ወዲህ ሰምና ወርቅ የቅኔ ስልት መሆኑ ተረስቶ የመላው አነጋገራችን ቁልፍ ተደርጎ ሲጠቀስ ደጋግመን እንሰማለን። ይህ ልማድ ምጸትን ጎድቶታል፤ ሁለቱ የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ ነውና።

በቅኔ ሰሙ የሚሠራው እንዲቀልጥ ነው። አንጥረኛው በሰሙ ቅርጽ ላይ ጭቃ መርጎ፣ ሰሙን አቅልጦ አውጥቶ፣ በቦታው ወርቁን እንደሚያፈስ ሁሉ፣ ቅኔ ሰሚም ሰሙንና ወርቁን በአንድነት የያዘውን ኅብረ ቃል ካገኘ በኋላ ወደ ወርቁ ይሻገራል። በምጸት ግን የሚቀልጥ ነገር የለም። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ «ጎሽ! አበጀህ!» ሲባል ሙገሳው ተነሥቶ በምትኩ «አጥፍተሃል» የሚል አይተካም። ያ ቢሆን በቀጥታ መቆጣቱ ይቀል ነበር። ልጁን የሚያሸማቅቀው ሙገሳው ራሱ ነው፤ ብርጭቆውን በደህና ቢያደርስ ኖሮ የሚገባው ቃል ይኸው ነበርና። ማድረግ የነበረበትና ያደረገው በአንድ ቃል ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ይታዩታል። ምጸት ተቃራኒውን መናገር ነው የሚለው ብያኔ የሚያጎድለው ይህንን አብሮ መቆም ነው።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን የሰዋስው መሣሪያ አያጣም። ከሁሉ የሚደንቀኝ አንቱታ ነው። ረፋዱ አራት ሰዓት ሆኖ ልጅ ገና ከአልጋው አልወረደም እንበል። እናት በሩን ገፋ አድርጋ «ተነሡ ጌታው? ቁርስዎን እዚያው ላምጣልዎ?» ትላለች። አንድም የቁጣ ቃል አልወጣትም፤ ድምፅዋም ከወትሮው ይልቅ ዝግ ያለ ሊሆን ይችላል። ሁሉን የሠራው በግሱና በስሙ መድረሻ ላይ የተቀጠለው የአክብሮት ምልክት ነው። እናት ልጇን አንቱ ስትል የቤቱ ሥርዓት ለቅጽበት ይገለበጣል፤ ልጅ ጌታ፣ እናት ገረድ ትሆናለች። ልጁ ይህን ቦታ ተቀብሎ «አዎ፣ አምጪልኝ» ካለ ከነውር ላይ ወድቋል። ዝም ካለም አሁንም ጌታ እንደሆነ ቀርቷል። ሥርዓቱን የሚመልሰው ብርድ ልብሱን ገልጦ መነሣቱ ብቻ ነው። ትእዛዝ ሳይሰጥ ትእዛዙ ተፈጸመ። የሰው ደረጃ በግሱ ላይ በማይታይበት ቋንቋ ይህን ያህል ነገር ለመሥራት ብዙ ቃል ይፈጃል።

ሌሎቹን ባጭሩ ላንሣ። «አይ» ከስም ፊት ሲቆም («አይ ጉብዝና!»፣ «አይ ትምህርት!») ስሙ ከባለቤቱ ጋር ያለመመጣጠኑን ያሳያል። «እሱማ አዋቂ ነው» ሲባል ከተውላጠ ስሙ ጋር የተጣበቀችው «ማ» ሰውየውን ከሌላው ለይታ ታወጣዋለች፤ የወጣው ለክብር ይሁን ለመሳለቂያ የሚለየው ግን ድምፁና ሰውየው ትናንት የሠራው ሥራ ነው። እዚህ ላይ ነው የሰሚው ድርሻ የሚገለጠው። የትናንቱን የማያውቅ እንግዳ ሰው አረፍተ ነገሩን ምስጋና ነው ብሎ ይወስደዋል፤ አልተሳሳተም፤ ያንን የማወቅ ዕድል አላገኘም እንጂ።

ሰሚው ከአንድ በላይ ሲሆን ነገሩ ይከርራል። ቡና ላይ ሴቶች ተሰብስበዋል፤ አቦልና ቶና አልፎ በረካው እየተቀዳ አንዲት ጎረቤት ትገባለች። ባለቤቲቱ «ዛሬስ በጊዜ መጣሽ» ስትል ቃሉ የተወረወረው ለመጪዋ ቢሆንም የሚመዘነው በተቀመጡት ፊት ነው። መጪዋ ከተቆጣች «እኔ ምን አልኩ? መምጣትሽ ደስ ቢለኝ እንጂ» የሚል መልስ ዝግጁ ነው። አግቦ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ አማት የገዛ ልጇን ስትገሥጽ ምራቷ ከጓዳ ሆና ትሰማለች፤ ተግሣጹ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ምራቷ ግን ስሟ አልተጠራምና መልስ የመስጠት መብት የላትም። አሽሙርንና አግቦን የሚያነሡ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የአነጋገሩን ውበትና የተናጋሪውን ብልኅነት አድንቀው ያበቃሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጌታውን ፊት ለፊት መውቀስ ለማይችል ጭሰኛ ምጸት መጠጊያ ሆኖታል፤ በምራት ላይ ሲውል ግን ያው ስልት ሰው አፍ እንዳይኖረው ማድረጊያ ነው። አንድን ምጸት ስንተነትን ማን በማን ላይ፣ በማን ፊት እንደተናገረው ሳንጠይቅ ውበቱን ብቻ መቁጠር ግማሹን ነገር መተው ነው።

እነዚህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ብዙ ይጎድልባቸዋል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ እንኳ አይለይም፤ የቃናውን ነገርማ ተዉት። ይህን ክፍተት ለመሙላት በሥርዓተ ነጥባችን ትእምርተ ሥላቅ አለ፤ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ (¡) ሆኖ በአረፍተ ነገር መጨረሻ ይገባል። በካርቱንና በልጆች ጽሑፍ ያገለግላል። በታላላቅ ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ግን ምጸቱን የሚሸከመው ይህ ምልክት አይደለም፤ ደራሲው የሚተማመነው በሁኔታው ነው። ምልክቱ ሰሚው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ቀድሞ ይሠራበታል፤ የእናትዬዋን አንቱታ ሰምቶ ከአልጋው ለመነሣት ልጁ ምልክት አላስፈለገውም።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958) ይህን በሚገባ ያሳያል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለማግባት የመጣውን ሁሉ በዘሩና በአጥንቱ እየመዘኑ ይመልሳሉ፤ በሩ ለባል ሁሉ ተዘጋ። እሷን የሚያስተምር ብለው ወደ ቤት ያስገቡት ደግሞ የገበሬውን ልጅ በዛብህን ነው። የፈሩትን ነገር በገዛ እጃቸው አስገቡት። በዛብህም በበኩሉ ወላጆቹ እንዲያድግላቸው ብለው የተሳሉት የስለት ልጅ ነው፤ በሕይወት ያኖረው ስለት ኑሮውን ይከለክለዋል። በእነዚህ ቦታዎች አንድም ሰው በምጸት አልተናገረም። ሁሉም የሚያምንበትን ነው የሚናገረው፤ ምጸቱን የሚሰማው አንባቢው ብቻ ነው።

የዚሁ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳ ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ጥልቅ ይሆናል። ብዙ ሰው እሱን ዋናው ምጸተኛ አድርጎ ያነበዋል። እኔ ግን ካሳ ከሁሉ ይልቅ በቀጥታ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ነው እላለሁ። ሥርዓቱ እንደሚፈርስ፣ ለምን እንደሚፈርስም በግልጽ ይናገራል። ሰሚዎቹ ግን ለቀጥተኛ ንግግር ከእብደት በቀር ሌላ ስም ስላልነበራቸው «ጉዱ» አሉት። ሽፋን በለመደ ማኅበረሰብ ውስጥ ያልተሸፈነ ቃል የሚገጥመው ይህ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ምጸቱን ከተናጋሪው አፍ አውጥተው በሰሚዎቹ ጆሮ ላይ አኖሩት። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ለየገጸ ባሕርያቱ የየራሳቸውን ድምፅ መስጠቱ ብዙ አድማጭ ያስታውሰዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ በክፍል ውስጥ ቢደመጥ፣ ምጸት ተሸምድዶ የሚታለፍ የዘይቤ ስም ሆኖ አይቀርም ነበር።

ሥልጣንም ሰሚ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ሲያቀርቡ በአውሬዎቹ አፍ የተባለው ነገር የማንን ቤት እንደሚመለከት መኳንንቱ አልጠፋቸውም፤ ተውኔቱ ታገደ። «እኔ ምን አልኩ?» የሚለው መከላከያ በቡና ዙሪያ እንደሚሠራው በቤተ መንግሥት ዙሪያ አይሠራም።

ከዚያ ግማሽ ምእተ ዓመት ካለፈ በኋላ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን (1975) ሲጽፍ የአውሬ ቆዳ እንኳ አላለበሰም። ተራኪው ፀጋዬ መንግሥት በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ወደ አሥመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው፤ መፈክሩን የሚያረቀው እሱ ራሱ ነው። በዓሉም ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ስለነበር የዚህን ቋንቋ አሠራር ከውስጥ ያውቀዋል። የዘመቻውን ቃል አላጣመመውም፣ አላጋነነውም፤ በስብሰባ አዳራሹ እንደተባለ አስቀምጦ ታሪኩን ወደ ናቅፋ ተራሮች ይወስደዋል። ቃሉና ተራራው ጎን ለጎን ሲቆሙ የቀረውን አንባቢው ይጨርሰዋል። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976ም የገባበት ጠፋ። ሂሳችን እስካሁን በቂ ትኩረት አልሰጠውም ብዬ የምለው ግን የልብ ወለዱ ምጸት የሚያቆምበትን ቦታ ነው። አዳራሹን፣ መፈክሩንና መፈክር አርቃቂውን ሁሉ ያዳርሳል፤ ተራራው ላይ የሚወድቁት ወታደሮች ዘንድ ሲደርስ ግን በዓሉ ምጸቱን ትቶ በቀጥታ ይጽፋል።