ልደቱ የተጻፈ ዕቃ፣ ልደቱ ያልተጻፈ ልጅ

ሰው ምን እንደሚወድ ለማወቅ ንግግሩን ብቻ መስማት አይበቃም፤ ምን እንደሚመዘግብ ማየት ያስፈልጋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶች። ይህ አባባል እውነት ከሆነ፣ ልንጽፈው ስንችል ሳንጽፈው የተውነው ነገር ሁሉ እንዲረሳ እኛው የፈረድንበት ነገር ነው ማለት ነው። ለዚህ አሳብ ምስክር የሚሆነኝን ያገኘሁት ከነገሥታት ታሪክ ወይም ከሊቃውንት ድርሰት አይደለም፤ ከአንድ የሙዚቃ ዕቃ ሠሪ የሽያጭ መዝገብ ነው። ስለ መጽሐፍ ትችት መጻፍ የተለመደ ሲሆን ስለ ሱቅ ደብተር መጻፍ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። ነገር ግን አንባቢ ጥቂት ቢታገሠኝ፣ ይህ ደብተር ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ስለ ሰው ጠባይ የሚያስተምር መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ደብተሩ የሚናገርለት ዕቃ ኮንሰርቲና ይባላል። የአኮርዲዮን ዘመድ ሲሆን በመጠኑ ግን በሁለት እጅ መዳፍ መካከል የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። በግራና በቀኝ ባለ ስድስት ማዕዘን የእንጨት ራስ አለው፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ቆዳ አለ። ተጫዋቹ ሲስበውና ሲገፋው ነፋሱ በውስጡ በተተከሉት ስስ የብረት ምላሶች ላይ ያልፋል፤ ምላሶቹም ሲንቀጠቀጡ ድምፅ ይሰጣሉ። የእንግሊዝ ኮንሰርቲና የተባለው ዐይነት አንድ ልዩ ነገር አለው፤ ይኸውም አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲሳብም ሲገፋም ያንኑ አንድ ድምፅ ማሰማቱ ነው። የዜማውም ደረጃዎች ለግራና ለቀኝ እጅ በተራ ስለ ተከፈሉ፣ አንዱ እጅ ጀምሮ የተወውን ሁለተኛው ይቀበለዋል።

ይህን ዕቃ ያወጣው ቻርልስ ዊትስቶን ነው። በ1802 ተወልዶ በ1875 የሞተ እንግሊዛዊ ሊቅ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። የብዙ ሰው ዕውቀት በቴሌግራፍ ሥራው ነው፤ ከዊልያም ኩክ ጋር በ1837 የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ቤተ ሰቡ የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴዎች ስለ ነበሩ፣ ስለ ድምፅ ያደረገው ምርምር ወደ ሱቁም ገባ። ለዚህ ዕቃ መሠረት የሆነውን ፈቃድ በ1829፣ ዕቃው ተሻሽሎ ከተስፋፋ በኋላ ደግሞ ሁለተኛውን በ1844 አወጣ። ሥራውን ከወንድሙ ከዊልያም ጋር ሆኖ በሎንዶን ከተማ በኮንዲት መንገድ ላይ ያካሂድ ነበር።

የዚህ ቤት የሽያጭ መዝገቦች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። ከ1830ዎቹ አጋማሽ እስከ 1870 አካባቢ ያለውን ዘመን የያዙት ጥራዞች ዘጠኝ ናቸው። አንድ ሰብሳቢ ከኮንሰርቲናዎቹ ጋር አጠራቅሟቸው ኖሮ፣ በ1996 በሎንዶን የሚገኘው ሆርኒማን ቤተ መዘክር ስብስቡን ገዛው። ከዚያም ገጾቹ በፎቶግራፍ ተነሥተው ማንም ሰው ባለበት አገር ሆኖ እንዲያነባቸው ተደረገ። በየገጹ የሚታየው ነገር ቀላል ነው፤ ቀን፣ የገዢው ስም፣ የዕቃው ተራ ቁጥር፣ ዋጋው። ከዚህ በላይ ምንም የለም። ጸሓፊው አያደንቅም፣ አይነቅፍም፣ አይመክርም።

የመዝገቡ የመጀመሪያ ውበት ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ስለ ሙዚቃ ይጽፉ የነበሩት ጋዜጦች ያደነቁትን ወደ ሰማይ ያወጡት ነበር፤ ያልወደዱትን ደግሞ ከምድር ይቀብሩት ነበር። መዝገቡ ግን ለማንም አያደላም። ባለ ማዕርጉም፣ የሙዚቃ መምህሩም፣ ስሟ በጋዜጣ ላይ ወጥቶ የማያውቀው ወይዘሪትም በተራቸው በአንድ ረድፍ ተጽፈዋል። ስለዚህ ነገር የጻፈው የሙዚቃ ታሪክ መርማሪ አለን አትላስ በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ በእነዚህ ጥራዞች ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የሴቶች ስሞች መኖራቸውን አሳይቷል። ስለ ሙዚቃ የተጻፉት መጻሕፍት እነዚህን ሴቶች ረስተዋቸዋል፤ የነጋዴው ብዕር ግን ሳያስበው አስታወሳቸው። ለታሪክ ብሎ ያልጻፈ ሰው፣ ለታሪክ ብለው ከጻፉት ይልቅ ታማኝ ምስክር ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ጉድለቱ ነው፤ እርሱንም ሳልናገር ባልፍ ትችቴ ውዳሴ ብቻ ይሆናል። በሽያጩ ረድፍ ውስጥ ገዢው አለ፤ ሠሪው ግን የለም። ምላሱን በሞረድ እየሞረደ ድምፁን ያስተካከለው፣ ቆዳውን አጥፎ ያጣበቀው፣ እንጨቱን የፈለፈለው ሠራተኛ ስሙ ከዕቃው ቁጥር አጠገብ አልተጻፈም። ዕቃው ቁጥር አገኘ፤ የደከመበት እጅ ግን ስም አላገኘም። እኔን ግን ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። እርሱን ለማስረዳት ስለ አንድ ሰው ሕይወት መናገር ይገባኛል።

ጁሊዮ ሬጎንዲ ይባላል። ኮንሰርቲና ከሳሎን መጫወቻነት አልፋ በታላቅ አዳራሽ እንድትሰማና እንድትከበር ካደረጉት ሁሉ ይህ ሰው የሚቀድም ነው። በ1853 በርንሃርድ ሞሊክ ለኮንሰርቲናና ለኦርኬስትራ የደረሰውን ሥራ የተጫወተው እርሱ ነው። በ1844 እና በ1857 የኮንሰርቲና ማስተማሪያ መጻሕፍት አሳትሟል። በጊታርም ቢሆን በዘመኑ ከታወቁት አንዱ ነበር፤ ለጊታር የደረሳቸው ሥራዎች በ1864 ታትመው ዛሬም ይጫወቷቸዋል። የሞተው በሎንዶን በ1872 ነው።

የሞተበትን ዓመት በእርግጥ ጻፍኩ፤ የተወለደበትን ግን እንደዚያ አድርጌ ልጽፍ አልችልም። አንዳንዱ በ1822፣ አንዳንዱ በ1823 ነው ይላል። አንዱ በጄኔቫ፣ ሌላው በሊዮን፣ ሌላውም በጄኖቫ ተወለደ ይላል። አባቱ ነኝ ይል የነበረው ሰውም በእውነት አባቱ እንደ ነበር የሚጠራጠሩ አሉ። ይህ ሰው የሕፃኑን ተሰጥዎ ባየ ጊዜ በጥብቅ አስለመደው፤ ከከተማ ወደ ከተማም እየወሰደ በሕዝብ ፊት አስጫወተው። በፓሪስ ታላቁ የጊታር ሊቅ ፈርናንዶ ሶር በሕፃኑ ችሎታ ተደንቆ አንዱን ድርሰቱን በስሙ አበረከተለት። በ1831 ወደ ሎንዶን ሲሻገሩ ልጁ ገና የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ መኳንንቱ ጠሩት፤ ገንዘብም ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅርብ ያወቁት ሰዎች ሲተርኩት፣ አባቱ ነኝ ባዩ ሰው ልጁ የደከመበትን ገንዘብ ሁሉ ይዞ ጠፋ፤ ልጁም በባዕድ አገር ባዶ እጁን ቀረ።

እስቲ አሁን አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን እንመልከታቸው። በ1830ዎቹ ከኮንዲት መንገድ ሱቅ የወጣች አንዲት ኮንሰርቲና፣ ቁጥሯና የተሸጠችበት ቀን፣ የወሰዳት ሰውና የተከፈለባት ዋጋ ታውቆ ተጽፎላታል። ተመልሳ ብትመጣና እንደ ገና ብትሸጥ፣ ያው ቁጥር በሌላ ገጽ እንደ ገና ይገኛል። ይህች የእንጨትና የቆዳ ሥራ ከባለቤት ወደ ባለቤት ስትሄድ ዱካዋ አይጠፋም። በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ፣ ጣቶቹ እንደዚህ ያለውን ዕቃ ለዓለም ያስታወቁት ልጅ ግን ምን ያህል እንዳገኘና ማን እንደ ተቀበለለት የሚጽፍለት አልነበረም። ለዕቃው ደብተር ነበረው፤ ለልጁ አልነበረውም። ስለዚህም ሌባ ከዕቃው ዘንድ መድረስ ሲያስቸግረው፣ ከልጁ ዘንድ ለመድረስ ግን «አባቱ ነኝ» ማለት ብቻ በቃው።

በዚህ ነጋዴውን እወቅሳለሁን? አልወቅሰውም። ነጋዴው የራሱን ሥራ በታማኝነት ጻፈ፤ የልጁ ጠባቂ አልነበረም። ወቀሳው የሚገባው ያጨበጨቡትን ነው። ትኬት ገዝተው ከገቡት ብዙ ሰዎች መካከል፣ «ይህ ገንዘብ ለማን ይደርሳል? ይህ ልጅ ማታ የሚያድረው ከማን ጋር ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ማድነቅ ቀላል ነው፤ መጠየቅ ግን ኀላፊነት ያመጣል። እኛም ተሰጥዎ ያለው ሕፃን ባየን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የምንመርጠው ቀላሉን ነው።

ሬጎንዲ ግን በዚህ አልጠፋም፤ የመዝገቡ ሌላው ቁም ነገር የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው። ልጁ አድጎ በሠራተኛነት በኖረበት ዘመን፣ ስሙ በእነዚያው የሽያጭ ገጾች ላይ ደጋግሞ ይታያል። ጋዜጣው የሚያሳየን በሻማና በመብራት መካከል ቆሞ የሚደነቅ ሰው ነው። መዝገቡ የሚያሳየን ደግሞ በተራ ቀን ወደ ሱቅ የሚመላለስ ሰው ነው። የዘመኑ የኮንሰርቲና መምህራን ለደቀ መዛሙርት የሚሆን ዕቃ ከዚያ ቤት ይወስዱ እንደ ነበር ስናውቅ፣ የዚህን ሰው ኑሮ መገመት አያስቸግርም። ጭብጨባው የአንድ ምሽት ነው፤ እንጀራው ግን የሚገኘው በየቤቱ እየተዞረ ጣት በማስተካከል ነው። ስለ ሙዚቀኞች የሚጻፉ መጻሕፍት ይህን ክፍል እንደ ውርደት ቈጥረው ይዘልሉታል። መዝገቡ አልዘለለውም፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ የሚያስከብረው ይህ ይመስለኛል። በልጅነቱ የተዘረፈ ሰው በጎልማሳነቱ የሌሎችን ልጆች ሲያስተምር ኖረ።

እንግዲህ መጻፍ ብቻውን ይበቃል ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ ከዚያው ከዊትስቶን ሕይወት አንድ ተጨማሪ ነገር ልጥቀስ። በኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ያለውን ተቃውሞ ለመለካት የሚያገለግለው ዘዴ እስከ ዛሬ «የዊትስቶን ድልድይ» ይባላል። ነገር ግን ዘዴውን አስቀድሞ በ1833 ያወጣው ሳሙኤል ሃንተር ክሪስቲ ነው። ዊትስቶን ራሱ በ1843 ስለ ዘዴው ሲያስረዳ ምስጋናው ለክሪስቲ እንደሚገባ በግልጥ ጻፈ። ስለ ቅንነቱ ልናመሰግነው ይገባናል። ይሁን እንጂ ስሙ ከዊትስቶን ጋር ተጣብቆ ቀረ። ጸሓፊው ታማኝ ነበር፤ አንባቢው ግን ሰነፈ። መዝገብ ያለ አንባቢ የተቆለፈ ሣጥን ነው።

የእነዚህም የሽያጭ መዝገቦች ዕጣ እንዲሁ እንዳይሆን እሠጋለሁ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚገልጣቸው በእጁ ያለው አሮጌ ኮንሰርቲና የተሸጠበትን ቀን ለማወቅ ነው። ቁጥሩን ይፈልጋል፤ ያገኘዋል፤ ደስ ብሎት ይዘጋዋል። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን ስም ሳያነብ የሚያልፍ ሰው፣ ዕቃውን ቈጥሮ ሰውን የረሳውን ያንኑ የጥንት ስሕተት እንደ ገና ይሠራዋል። መዝገቡን ለሚያነቡ ሁሉ የምመክረው ስለዚህ አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ ጣታችሁን ወደ ስሙ አሻግሩት፤ ማን ነበር ብላችሁም ጠይቁ።

ምክሩ ለእንግሊዞች ብቻ አይደለም። በየቤታችን የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ፣ የእህልና የሲሚንቶ ሒሳብ የተጻፈበት ደብተር አይጠፋም። በዚያው ቤት ለሥራ የመጣች ልጅ ብትኖር፣ የገባችበት ቀን፣ ዕድሜዋ፣ የወላጆቿ ስምና እስከ ዛሬ የተጠራቀመላት ደመወዝ የተጻፈበት ገጽ አለን? ድምፁ አምሮ በሠርግና በበዓል የሚዘፍን ሕፃን ካለ፣ የተሸለመውን ማን ተቀበለ፣ የትስ ተቀመጠ? ይህን ለመጻፍ ሊቅነት አያስፈልግም፤ እርሳስና አንድ ቅጠል ወረቀት ይበቃል። ክፉ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ቍጣን አይደለም፤ በቀኑ የተጻፈ ሒሳብን ነው።

የኮንዲት መንገድ ጸሓፊ በየማታው ደብተሩን ሲዘጋ፣ በዚያ ቀን ከሱቁ የወጣ ዕቃ ሁሉ የት እንደ ሄደ ያውቅ ነበር። እኛም የቀኑን ሥራ ስንዘጋ፣ በእጃችን ስላሉት ሰዎች ቢያንስ ይህን ያህል ልናውቅ ይገባናል።