ትንፋሽ ማስማማት

አማተር ማርሽ ባንድ የሚመራ ሰው ቀዳሚ ሥራው ትንፋሽ ማስማማት ነው። ኖታ ማንበብ፣ ጣት ማፍጠን፣ ሰልፍ ማሳመር ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በወልቂጤና በቡታጅራ ቀን ሱቅ የሚውሉ፣ የሚያስተምሩና የሚማሩ ሰዎችን ትራምፔትና ክላርኔት ሳለማምድ በዚህ እምነቴ ጸንቻለሁ። ለልምምድ የሚመጡት ከሥራ በኋላ፣ ደክሟቸው ነው፤ ከንፈራቸውም ቶሎ ይዝላል። ስለዚህ መሣሪያ ሳንነካ አብረን አየር ስበን አብረን እንለቃለን። ከዚያ አንድ ረጅም ድምፅ እንይዛለን። ተጫዋቹ አጠገቡ ያለውን መስማት የሚለምደው እዚያ ላይ ነው።

የመሪው እጅም ለዚሁ ያገለግላል። ከመጀመሪያው ምት በፊት እጅ የሚነሣበት አኳኋን ፍጥነቱንና የድምፁን ጉልበት አስቀድሞ ይናገራል። ዘገም ብሎ ከተነሣ ተጫዋቹ ረጋ ብሎ በጥልቀት ይስባል፤ በድንገት ከተነሣ ትንፋሹ አጭር ይሆንና መግቢያው ይሰነጠቃል። ከጀማሪዎች ጋር ስሆን እጄን ሳነሣ አብሬያቸው በአፌ እተነፍሳለሁ። ከማብራሪያ ሁሉ ይህ ቶሎ ይገባቸዋል።

ዜማ ስመርጥ ከቅርባችን እጀምራለሁ። ትዝታ ሜጀርን ከቢ ፍላት ብናስነሣው የቢ ፍላት ትራምፔትና ክላርኔት ተጫዋቾች ኖታቸው ላይ የሚያነቡት ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ይሆናል፤ አልቶ ሳክስፎን ደግሞ ከጂ ይነሣል። አምስቱም ለጀማሪ ጣት የማይከብዱ ናቸው። ጆሮው አስቀድሞ የሚያውቀውን ቅኝት ሲጫወት ተማሪው የተሳሳተበትን ቦታ ራሱ ይሰማዋል።

የጉራጌ ምት ግን ሌላ ፈተና አለው። ፈጣን ስለሆነ ትንፋሽ መውሰጃ ቦታ አይሰጥም። መፍትሔውን ያገኘሁት ከዘፈኑ ራሱ ነው። አውጪው ያወጣል፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ ይቀበላል። ቅንብሩንም እንዲሁ አደርገዋለሁ፦ ትራምፔቶች ያወጣሉ፣ ሳክስፎኖችና ትሮምቦኖች ይቀበላሉ። አንዱ ሲጫወት ሌላው ይተነፍሳል። ፍጥነቱ ሳይቀንስ የማንም ደረት አይጨነቅም።

አየሩም የራሱ ጠባይ አለው። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎችም ድምፃቸው ወደ ላይ ይሳባል። ጠዋት ጥላ ውስጥ የተቃኘ ባንድ እኩለ ቀን ላይ ወልቂጤ ፀሐይ ላይ ሲቆም የተለየ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ የምንጫወትበት ቦታ ላይ ደርሰን መሣሪያው ሲሞቅ እንደገና እንቃኛለን። በጉራጌ መንደር ጀፎረ እንደሚባለው ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ደግሞ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ተጫዋቾቹን እርስ በርስ እንዲሰማሙ በግማሽ ክብ አቆማቸዋለሁ።

ይህ ሙያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ልከው ነበር። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያዩዋቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ አዲስ አበባ ገቡ። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ቤተሰባቸውን ያጡ ልጆች አብረው በመተንፈስ የአንድ አገር የማርሽ ሙዚቃ መሠረት ሆኑ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመረው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን አሰማ፤ የውጭ መሣሪያ የአገር አንደበት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም። ከጉራጌ ቤተሰብ የተገኘው ማሕሙድ አህመድም በሙያው ያደገው በክቡር ዘበኛ ባንድ የነሐስ ድምፅ መካከል ነው።

እነዚያ ባንዶች የመንግሥት በጀት፣ የደንብ ልብስና የሙሉ ቀን ልምምድ ነበራቸው። የክልል ከተማ አማተር ይህ ሁሉ የለውም፤ ያለው ፍቅርና የተጣበበ ሰዓት ነው። መስቀል ሲቃረብ የልምምድ ሰዓት ይጠፋል፤ ነጋዴው ይሠራል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ዘመድ ሁሉም ይቀበላል። ሆኖም ከተማው የሚሞላውና ሰው ባንዱን ሊሰማ የሚችለው ያኔ ስለሆነ ዝግጅታችንን ክረምት ላይ እንጨርሳለን። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ረድፍ ቆመው በአንድ ምልክት ሲተነፍሱ ማየት ለእኔ የሥራው ትልቁ ክፍያ ነው።

ባንድን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ የተሰበረ ቫልቭ የሚጠግን፣ ሪድ የሚያቀርብ፣ ክፍል የሚከፍት ሰው መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ከፖሊስና ከሠራዊት ባንዶች ጡረታ የወጣችሁ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ በሳምንት አንድ ቀን ለወጣቶቹ ስጡ። የከተማ አስተዳደሮችም ማታ ባዶ የሚያድሩ አዳራሾችን ክፈቱላቸው። መሣሪያ ቤቱ አስቀምጦ የማይጫወት ሰው ካለም፣ ለሚጫወትበት ያውስ።